የካሜራ ሴንሰርን ከሌዘር የሚከላከል የፈሳሽ ክሪስታል መዝጊያ እንዴት ይሠራል?

የካሜራ ሌንስ ከሩቅ የመጣን ብርሃን በአንዲት ነጥብ ላይ ለመሰብሰብ የተሠራ በመሆኑ፣ ሌዘር ሲያገኘው ጨረሩን ያለ ርኅራኄ ሴንሰሩ ላይ ያከማቸዋል። መግቢያው 10 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርዝመቱ 50 ሚሊሜትር የሆነ ሌንስ፣ የሞገድ ርዝመቱ 532 ናኖሜትር የሆነውን አረንጓዴ ሌዘር ስፋቷ 6.5 ማይክሮሜትር በሆነች ነጥብ ላይ ያሳርፈዋል። በዚህም ሌንሱ ፊት ላይ የነበረው የብርሃን ጥግግት ሴንሰሩ ላይ ሲደርስ ወደ ሁለት ሚሊዮን እጥፍ ያድጋል፤ ሌንሱን ሞልቶ የገባ 1 ሚሊዋት ብቻ እንኳ በዚያች ነጥብ ላይ በካሬ ሴንቲሜትር ከ2 ኪሎዋት በላይ ይሆናል።

ጉዳቱ በስሌት ብቻ የሚታወቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 በላስ ቬጋስ በተካሄደው የሲኢኤስ የቴክኖሎጂ ዐውደ ርእይ ላይ አንድ ጎብኚ መኪና ላይ የተገጠመ ሊዳር (በሌዘር ርቀት የሚለካ መሣሪያ) ፎቶ ካነሣ በኋላ የካሜራው ሴንሰር በቋሚነት ተጎድቶ፣ ከዚያ ወዲያ በሚያነሣቸው ፎቶዎች ላይ ሐምራዊ ነጥቦችና ከነጥቦቹ የሚነሡ የቁምና የአግድም መስመሮች መታየት ጀምረዋል። ሊዳሩ የሚሠራው በ1550 ናኖሜትር ነበር። የካሜራ ሴንሰር የሚሠራበት ሲሊከን ከ1100 ናኖሜትር ገደማ በላይ ያለውን ብርሃን ስለማያይ፣ እንዲህ ያለው ጨረር በምስሉ ላይ ሳይታይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ የመከላከያው ዕቅድ መነሣት ያለበት ምስሉ ላይ ከሚታየው ነገር ሳይሆን፣ በአካባቢው ካሉት ሌዘሮች የሞገድ ርዝመት፣ ኃይልና የአበራር ሁኔታ ነው።

ይህ መመሪያ አንድ የተወሰነ ጉዳይ ይዞ ይሄዳል። በላቦራቶሪ ጠረጴዛ ወይም በፋብሪካ የመለኪያ መስመር ላይ የተተከለ፣ በአካባቢው ያለማቋረጥ የሚበራ የ532 ናኖሜትር ሌዘር አልፎ አልፎ በቀጥታም ሆነ በነጸብራቅ ሊያገኘው የሚችል ካሜራ አለ እንበል። ለዚህ ካሜራ የሚሠራው መከላከያ ሁለት ክፍሎች ይኖሩታል፤ አንደኛው ሁልጊዜ በቦታው ሆኖ አረንጓዴውን ሌዘር መልሶ የሚያንጸባርቅ የኮሌስትሪክ (ሞለኪዩሎቹ እየተጠማዘዙ የሚሰለፉበት) ፈሳሽ ክሪስታል ንጣፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው በኤሌክትሪክ የሚከፈትና ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በራሱ የሚዘጋ የኔማቲክ (ሞለኪዩሎቹ በአንድ አቅጣጫ የሚሰለፉበት) ፈሳሽ ክሪስታል መዝጊያ ነው። ሁለቱም ለሴንሰር እንጂ ለሰው ዓይን የታሰቡ አይደሉም። በሥራው ሁሉ ለሞገድ ርዝመቱና ለኃይሉ የተመሰከረለት የሌዘር መነጽር ማድረግ ግዴታ ነው።

በመጀመሪያ የሚወሰነው፦ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ምን ይሆናል?

የፈሳሽ ክሪስታል ሞለኪዩሎች እንደ ፈሳሽ የሚንቀሳቀሱ ቢሆኑም፣ ረጅም ቅርጽ ስላላቸው በአንድ አቅጣጫ ተሰልፈው ይቆማሉ። ከሰልፉ ጋር ትይዩ ሆኖ የሚርገበገብ ብርሃንና ከሰልፉ ጋር የተሻገረው ብርሃን በተለያየ ፍጥነት ስለሚያልፉ፣ ሰልፉ በቮልቴጅ ሲዞር የብርሃኑ ፖላራይዜሽን፣ ማለትም የሚርገበገብበት አቅጣጫ፣ አብሮ ይለወጣል። ፈሳሹ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ በሚያሳልፉ ሁለት ማጣሪያዎች፣ ማለትም በሁለት ፖላራይዘሮች መካከል ሲቀመጥ ይህ ለውጥ ወደ ብርሃንና ጨለማ ይተረጎማል። የአብዛኛው ዲጂታል የእጅ ሰዓትና የካልኩሌተር መስኮት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ብዙ ሠሪዎች ወዲያው የሚያነሡት በገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘውን፣ የሞለኪዩሎቹ ሰልፍ ከአንዱ መስታወት እስከ ሌላው 90 ዲግሪ የሚዞርበትን የተጠማዘዘ ኔማቲክ ሴል ነው። ይህ ሴል ፖላራይዘሮቹ እርስ በርስ 90 ዲግሪ ሲሻገሩ ያለ ቮልቴጅ ብርሃን ያሳልፋል፤ ቮልቴጅ ሲያገኝ ይጨልማል። የኃይል ምንጩ በተቋረጠ ቅጽበት ግን ካሜራው ያለ ጠባቂ ይቀራል። ፖላራይዘሮቹን ትይዩ በማድረግ ነገሩን መገልበጥና ያለ ቮልቴጅ እንዲጨልም ማድረግ ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ይህኛው ምርጫ የተደበቀ አደጋ አለው። ፈሳሽ ክሪስታል ከተወሰነ ሙቀት በላይ ሥርዓቱን አጥቶ ተራ ፈሳሽ ይሆናል፤ ለምሳሌ 5ሲቢ የሚባለው የታወቀ ፈሳሽ ክሪስታል በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይህ ይደርስበታል። ተራ ፈሳሽ የሆነ ሴል ፖላራይዜሽንን ስለማይለውጥ በትይዩ ፖላራይዘሮች መካከል ወለል ብሎ ይከፈታል። ኃይለኛ ሌዘር ያረፈበት ቦታ መጀመሪያ የሚሞቀው ራሱ በመሆኑ፣ መዝጊያው የሚከፈተው ልክ ሌዘሩ ባረፈበት ነጥብ ላይ ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ የከፋ የመከላከያ ጉድለት ሊታሰብ አይችልም።

ለዚህ ሥራ የምመክረው ሞለኪዩሎቹ በመስታወቱ ላይ ቀጥ ብለው የሚቆሙበትን፣ የቁም አሰላለፍ ያለውን ሴል በተሻገሩ ፖላራይዘሮች መካከል ማድረግን ነው። ያለ ቮልቴጅ ብርሃኑ በሞለኪዩሎቹ ቁመት አቅጣጫ ስለሚያልፍ ፖላራይዜሽኑ አይለወጥም፤ ስለዚህ ሴሉ ጨለማ ነው። ሲሞቅና ሥርዓቱን ሲያጣም ፖላራይዜሽኑን ስለማይለውጥ ጨለማ እንደሆነ ይቆያል። የሚከፈተው ቮልቴጅ ሲሰጠው ብቻ ነው። በቀጥታ ለሚገባ ብርሃን ጨለማው በጣም ጥልቅ ነው፤ ጥራት ያላቸው ፖላራይዘሮች ከተገጠሙለት ከሺህ አንድ እጅ ያህሉን ብቻ እንዲያሳልፍ ማድረግ ይቻላል።

የዚህ ምርጫ ዋጋ ፍጥነት ነው። ቮልቴጅ ሰጥቶ ሞለኪዩሎችን ማዞር ፈጣን ሲሆን፣ ቮልቴጅ አንሥቶ በራሳቸው እስኪመለሱ መጠበቅ ግን ዝግ ያለ ነው። በብየዳ ቤት የሚታየው ራሱን የሚያጨልም ጭንብል፣ በስዊድን የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1981 ስፒድግላስ በሚል ስም ለገበያ የቀረበው ዓይነት፣ በዚህ ምክንያት ተቃራኒውን መርጧል፤ ያለ ቮልቴጅ ክፍት ነው፣ በቮልቴጅ ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨልማል። ጭንብሉ ይህን ማድረግ የቻለው አልትራቫዮሌትና ኢንፍራሬድ ጨረርን የሚያግድ ቋሚ ማጣሪያ ከፊቱ ስላለውና ባትሪው ቢያልቅም በያጁ ከዋናው ጉዳት ስለሚተርፍ ነው። የሚታየው ብርሃን ራሱ አጥፊ በሆነበት የካሜራ ጉዳይ ይህ መተማመኛ የለም። የጭንብሉ አሠራር የሚያስተምረን ሌላውን ጉዳይ፣ ማለትም ምንም ኤሌክትሪክ የማይፈልግ ንብርብር ሁልጊዜ ከፊት መኖር እንዳለበት ነው።

ሴሉን መሥራት

የመዝጊያው ፍጥነት የሚወሰነው በሴሉ ውፍረት ነው። የመመለሻው ጊዜ ከዝልግልግነቱ ጋርና ከውፍረቱ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ስለዚህ ውፍረቱን በግማሽ የቀነሰ ሰው ጊዜውን ወደ አንድ አራተኛ ያወርደዋል። የማዞሪያ ዝልግልግነቱ 0.1 ፓስካል ሰከንድ የሆነ፣ የድርብ ስብረቱ ልዩነት (ከሰልፉ ጋር ትይዩ የሆነው ብርሃንና የተሻገረው ብርሃን የሚሰበሩበት መጠን ልዩነት) 0.1 የሆነና በኤሌክትሪክ መስክ ወደ ጎን የሚተኛ የፈሳሽ ክሪስታል ቅልቅል ተመርጦ ሴሉ በ3 ማይክሮሜትር ውፍረት ቢሠራ፣ የመመለሻው ጊዜ ወደ 6.5 ሚሊሰከንድ ይሆናል። የውፍረቱና የድርብ ስብረቱ ልዩነት ብዜት 0.30 ማይክሮሜትር ስለሚሆን፣ ከ532 ናኖሜትር ግማሽ ማለትም ከ0.266 ትንሽ ይበልጣል። መስታወቱን ተጠግተው ያሉት ሞለኪዩሎች በቮልቴጅ ሙሉ በሙሉ ስለማይተኙ ይህች ትርፍ ታስፈልጋለች፤ ከዚያ በላይ ማወፈር ግን መዝጊያውን ያዘገየዋል።

ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቅብ) የተቀባ፣ አንድ ኢንች በአንድ ኢንች የሆነ ሁለት መስታወት ይዘጋጅ። መስታወቶቹ በሳሙና ውኃ፣ በአሴቶንና በአይሶፕሮፓኖል በየተራ በአልትራሶኒክ ገንዳ ታጥበው ይደርቃሉ። ከ3 ማይክሮሜትር የሚበልጥ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ሴሉን ስለምታጣምም፣ ንጽሕና እዚህ ላይ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። ቀጥሎ ሞለኪዩሎችን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው የፖሊኢማይድ ፈሳሽ በሚሽከረከር ማሽን ላይ በቀጭኑ ይቀባና አምራቹ ባዘዘው ሙቀት፣ አብዛኛውን ጊዜ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ ይጋገራል። ሲቀዘቅዝ በከፈይ ጨርቅ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በቀስታ ይታሻል። ይህ እሽት ሞለኪዩሎቹን ከቁም አሰላለፋቸው በአንድና በሁለት ዲግሪ ያህል ያዘነብላቸዋል፤ ያለ እሽቱ ቮልቴጅ ሲመጣ እያንዳንዱ አካባቢ ወደፈለገው ጎን ስለሚወድቅ ምስሉ ይዥጎረጎራል።

ሁለቱ መስታወቶች የእሽታቸው አቅጣጫ ተቃራኒ ሆኖ ፊት ለፊት ይገጠማሉ። ለሽቦ መያዣ እንዲሆን አንዱ ከሌላው ጥቂት ሚሊሜትር ወጣ ይላል። ውፍረቱን የሚጠብቁት 3 ማይክሮሜትር ዲያሜትር ያላቸው የሲሊካ ዶቃዎች ናቸው፤ በአልትራቫዮሌት ከሚደርቅ ማጣበቂያ ጋር ተቀላቅለው በዳርና ዳር ሁለት መስመር ብቻ ይሰመራሉ፣ የቀሩት ሁለት ጎኖች ለመሙያ ክፍት ይቀራሉ። ከተጣበቀ በኋላ ባዶው ሴል በስፔክትሮሜትር ቢታይ ሞገድ የመሰለ ከፍታና ዝቅታ ያሳያል። የሁለት ተከታታይ ከፍታዎች የሞገድ ርዝመት ተባዝቶ ለልዩነታቸው እጥፍ ሲካፈል ውፍረቱ ይገኛል። ከፍታዎቹ በ600 እና በ545 ናኖሜትር ላይ ከሆኑ ሴሉ 2.97 ማይክሮሜትር ነው፣ ጥሩ ሥራም ነው። ከ3.5 የሚበልጥ ከሆነ ሳይሞሉ መጣልና እንደገና መሥራት ይሻላል።

አሞላሉ ቀላል ቢሆንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሴሉም ፈሳሹም ክሪስታሉ ተራ ፈሳሽ ከሚሆንበት ሙቀት ጥቂት ከፍ ባለ ሙቅ ሳህን ላይ ሆነው፣ አንዲት ጠብታ በክፍቱ ጠርዝ ላይ ትደረጋለች፤ ፈሳሹም በራሱ እየተሳበ ይገባል። ቀዝቃዛ ሳለ የተሞላ ሴል የፍሰቱን አቅጣጫ እንደ ጠባሳ ይዞ ይቀራል። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ክፍቶቹ በዚያው ማጣበቂያ ይታሸጋሉ፤ የአልትራቫዮሌቱ መብራት ፈሳሹን እንዳያበላሸው መካከሉ በአሉሚኒየም ወረቀት ይሸፈናል። በተሻገሩ ፖላራይዘሮች መካከል ሲታይ ጥቁር ሆኖ፣ በእጅ ሲያጋድሉት የሚያበራ ከሆነ አሰላለፉ ተሳክቷል።

ፖላራይዘሮቹ ሲለጠፉ የሴሉ የእሽት አቅጣጫ ከሁለቱም ጋር 45 ዲግሪ መሆን አለበት። ይህ ካልሆነ ሴሉ በቮልቴጅም ቢሆን በሚገባ አይከፈትም።

ኤሌክትሪኩ

ሴሉ መከፈት የሚጀምረው በ2 ቮልት ገደማ ሲሆን፣ በ5 ቮልት አካባቢ ጥሩ ክፍት ይሆናል። ትክክለኛው ቮልቴጅ ብርሃኑን እየለኩ የሚያልፈው መጠን ከፍተኛ የሚሆንበትን በማግኘት ይወሰናል። የሚሰጠው 1 ኪሎኸርዝ የሆነ ተለዋዋጭ የካሬ ሞገድ ነው፤ ቀጥተኛ ቮልቴጅ በፈሳሹ ውስጥ ያሉትን አዮኖች ወደ መስታወቶቹ እየሰበሰበ ሴሉን ይገድለዋል።

ሌዘሩን የሚያይ ፎቶዳዮድ ከካሜራው አጠገብ፣ ከካሜራው ትንሽ ሰፋ ያለ የእይታ መስክ ይዞ ይተከላል። የራሱን የካሜራውን ምስል ማንቂያ ማድረግ አይበቃም፤ በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሣ ካሜራ አንዱን ምስል ለመጨረስ ብቻ 33 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታልና። የፎቶዳዮዱ ምልክት ከተወሰነው ወሰን ሲያልፍ ኮምፓራተር (ምልክቱን ከወሰኑ ጋር የሚያነጻጽር ሰርኪዩት) የሴሉን ሞገድ ያቋርጣል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ሴሉ ራሱ ካፓሲተር ነው፤ አንድ ኢንች በአንድ ኢንች የሆነው ሴል 8 ናኖፋራድ ያህል ይይዛል። ሽቦው ዝም ብሎ ከተቆረጠ ቻርጁ ውስጥ ይቀርና ሴሉ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ማቋረጫው ሁለቱን ኤሌክትሮዶች እርስ በርስ ማገናኘት አለበት፤ ኃይል ሲጠፋም ይኸው እንዲሆን በሁለቱ መካከል ቋሚ ሬዚስተር ይገጠማል፤ 10 ኪሎኦም ቢሆን ቻርጁን ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያፈስሰዋል።

የኤሌክትሮኒክሱ መዘግየት በማይክሮሰከንድ የሚለካ ሲሆን የፈሳሹ መዘግየት ግን በሚሊሰከንድ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ገንዘብ ለፈጣን ሰርኪዩት ከማውጣት ይልቅ ለቀጭን ሴልና ዝልግልግነቱ ላነሰ ፈሳሽ ማውጣት ይገባል። 6.5 ሚሊሰከንዱ ረጅም ሆኖ ከተገኘ፣ ከሁለተኛው ፖላራይዘር ኋላ የተጠማዘዘ ኔማቲክ ሴልና ሦስተኛ ፖላራይዘር መጨመር ይቻላል። ይህ ተጨማሪ ሴል በሰላሙ ጊዜ ክፍት ሆኖ፣ በማንቂያው ጊዜ በ20 ቮልት ፈጥኖ ይዘጋል፤ የቁሙ ሴል እስኪደርስም ይከላከላል።

ሁልጊዜ የሚቆመው ንጣፍ

እስከዚህ የተባለው ሁሉ ማንቂያ ይጠብቃል፤ ሌዘር ግን አያስጠነቅቅም። 1 ሚሊዋት ለ10 ሚሊሰከንድ ቢገባ 10 ማይክሮጁል ያደርሳል። ይህን የሚቀንሰው የኮሌስትሪክ ንጣፍ ነው።

በኮሌስትሪክ ፈሳሽ ክሪስታል ውስጥ ሞለኪዩሎቹ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ከንብርብር ወደ ንብርብር እየዞሩ ይሰለፋሉ። የአንዱ ሙሉ ዙር ርዝመት በአማካዩ የስብረት መጠን ሲባዛ የሚመለሰውን የሞገድ ርዝመት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1888 ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሪድሪክ ራይኒትዘር ፕራግ ውስጥ በኮሌስትሪል ቤንዞኤት ላይ ሁለት የመቅለጫ ሙቀቶችን ያየበትና የፈሳሽ ክሪስታል ጥናት የተጀመረበት ቁስ ከዚሁ ወገን ነው። በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የሌዘር ኢነርጄቲክስ ላቦራቶሪ ያለው ኦሜጋ የተባለው ግዙፍ ሌዘርም ከፈሳሽ ክሪስታል የተሠሩ ፖላራይዘሮችን ለዓመታት ሲጠቀም ኖሯል። ይህም ቁሱ በአግባቡ ከተሠራ ኃይለኛ ጨረርን ሊሸከም እንደሚችል ያሳያል።

ስሌቱን በጥንቃቄ መሥራት ያስፈልጋል። አማካዩ ስብረት 1.6፣ የድርብ ስብረቱ ልዩነት 0.18 ቢሆን፣ ለ532 ናኖሜትር 333 ናኖሜትር የሆነ ዙር በቂ ይመስላል። ይሁን እንጂ ብርሃኑ ሰያፍ ሆኖ ሲገባ የሚመለሰው ቀለም ወደ ሰማያዊ ይሸሻል። በ30 ዲግሪ ለሚገባ ጨረር የዚህ ንጣፍ መካከለኛ ሞገድ ከ532 ወደ 505 ይወርዳል፤ 60 ናኖሜትር ስፋት ያለው መስኮቱም ከ475 እስከ 535 ብቻ ይሆንና 532 ከጫፉ ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ንጣፉን ሆን ብሎ ወደ ቀይ ማስጠጋት ይገባል። ዙሩ 341 ናኖሜትር ቢሆን በቀጥታ ለሚገባ ብርሃን መካከሉ 545 ይሆናል፤ በ30 ዲግሪ ደግሞ 518 ገደማ ይሆናል፤ በሁለቱም ጊዜ 532 በመስኮቱ ውስጥ በደህና ይገኛል። የሚጨመረው አዟሪ ቅመም በማይክሮሜትር 100 የመጠምዘዝ ኃይል ካለው፣ ለዚህ ዙር ከክብደቱ 2.9 በመቶ ያህል ይበቃል።

አንድ ንጣፍ የሚመልሰው ከመጠምዘዣው ጋር በአንድ አቅጣጫ የሚዞረውን የብርሃን ግማሽ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንድ ቀኝ ዞርና አንድ ግራ ዞር ንጣፍ መደረብ ግዴታ ነው። እያንዳንዱ 10 ሙሉ ዙር፣ ማለትም 3.4 ማይክሮሜትር ውፍረት ካለው፣ በስሌት ከሚመለከተው ብርሃን 0.4 በመቶ የማይሞላ ብቻ ያልፋል፤ በእጅ በተሠራ ንጣፍ ላይ ግን ከመቶ አንድ እጅ ያልፋል ብሎ ማቀድ ይበጃል። የሙቀት ለውጥ ዙሩን እንዳይለውጠው፣ በአልትራቫዮሌት ወደ ፕላስቲክነት የሚጠነክር የፈሳሽ ክሪስታል ዓይነት መጠቀምና በናይትሮጅን ውስጥ ማጠንከር ይመረጣል።

ይህ ንጣፍ ከምስሉ ላይ አረንጓዴውን ስለሚወስድ ምስሉ ወደ ሐምራዊ ያጋድላል። ፖላራይዘሮቹም ከገባው ብርሃን ከግማሽ በላይ ይበላሉ። ጥቁርና ነጭ ለሚያነሣ የመለኪያ ካሜራ ይህ የሚቻል ዋጋ ነው፤ የቀለም ትክክለኛነት ለሚፈለግበት ሥራ ግን መስኮቱ ጠባብ የሆነ፣ የድርብ ስብረት ልዩነቱ ያነሰ ቁስ መፈለግ ይኖርበታል።

ሲገጠም የንብርብሩ ተራ እንዲህ ነው፦ ከውጭ ኮሌስትሪኮቹ፣ ከዚያ አንደኛው ፖላራይዘር፣ የቁሙ ሴል፣ ሁለተኛው ፖላራይዘር፣ በመጨረሻም ሌንሱ። ኮሌስትሪኮቹ ከፊት የሚሆኑት ፕላስቲኩ ፖላራይዘር ብርሃንን በመዋጥ ስለሚሠራና በቀላሉ ስለሚቃጠል ነው። መዝጊያውን በሌንሱና በሴንሰሩ መካከል ማስገባት አይገባም፤ ጨረሩ እዚያ የተጠቃለለ በመሆኑ መጀመሪያ የሚጠፋው ሴሉ ይሆናል። ንጣፉ የሚመልሰው ሌዘር አሁንም ሌዘር ስለሆነ፣ ስብስቡ በጥቂት ዲግሪ ጋደል ብሎ ጨረሩ ሰው ወደማይቆምበት ጥቁር ማሳረፊያ እንዲሄድ ይደረጋል።

ፍተሻው

ካሜራው እስከ መጨረሻው ድረስ ከጠረጴዛው ይራቅ። በቦታው የኃይል መለኪያ ተቀምጦ ከ1 ሚሊዋት በማይበልጥ ሌዘር በመጀመር ንጣፉ ብቻውን፣ መዝጊያው ብቻውን፣ ከዚያም ሁለቱ ተደርበው ይለካሉ። በቀጥታ፣ በ10፣ በ20 እና በ30 ዲግሪ የሚያልፈው መጠን ይመዘገባል። የመዝጊያው ጨለማ በሰያፍ ሲሳሳ ይታያል፤ የቁም አሰላለፉን የሚያካክስ ፊልም መጨመር ይህን ያሻሽለዋል። የመዝጊያው ጊዜ በፎቶዳዮድና በኦሲሎስኮፕ ይለካል፤ የሚቆጠረውም ማንቂያው ከተነሣበት አንሥቶ ብርሃኑ ወደ መቶኛ እስኪወርድ ድረስ ያለው ነው።

ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ ከግድግዳው ሶኬት በድንገት ይነቀላል። ከዚያ ሴሉ በፀጉር ማድረቂያ ተራ ፈሳሽ እስኪሆን ይሞቃል፤ በሁለቱም ጊዜ መለኪያው መውረድ እንጂ መውጣት የለበትም። በመጨረሻ ስብስቡ በማቀዝቀዣ ቆይቶ ጊዜው እንደገና ይለካል። ብርድ ፈሳሹን ስለሚያወፍረው መዝጊያው በደጋ ማለዳ ከቀትሩ የዘገየ ይሆናል፤ ዕቅዱ መቆም ያለበት በዚህ በዘገየው ቁጥር ላይ ነው። ይህ ሁሉ ካለፈ ውድ ባልሆነ ካሜራ ይሞከራል፤ ዋናው ካሜራ የሚገባው ከእሱ በኋላ ነው።

ለአጫጭር ምቶች ግን መዝጊያው አይደርስም። ኪው ስዊች (ኃይሉን አጠራቅሞ በአንድ አጭር ምት የሚለቅ ማብሪያ) ያለው የኤንዲ ያግ ሌዘር ምት ጥቂት ናኖሰከንድ ብቻ ይቆያል፤ በ5 ናኖሰከንድ ብርሃን የሚሄደው 1.5 ሜትር ነው፤ በዚያ ጊዜ የሚነቃነቅ ሴል የለም። በዚህ ጉዳይ የሚያገለግለው የኮሌስትሪኩ ንጣፍ ብቻ ነው፤ እሱም የሞገድ ርዝመቱ አስቀድሞ ከታወቀ ነው። ያግ ሌዘር 1064 እና 532 ናኖሜትርን በአንድነት ሊያወጣ ስለሚችል፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ቀኝና ግራ ንጣፍ ያስፈልገዋል። የሞገድ ርዝመቱ የማይታወቅ ምት ለሚያሰጋው ካሜራ፣ ብርሃኑ ሲበረታ በራሱ አብዝቶ የሚውጥ ፈሳሽ በመካከለኛ የትኩረት ነጥብ ላይ የሚቀመጥበት ሌላ ዓይነት መከላከያ አለ። በፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኢያም ቹን ኩ እንዲህ ያለውን ፈሳሽ እንደ ፀጉር በቀጠኑ የመስታወት ቱቦዎች ውስጥ ሞልቶ አጥንቶታል። ያንን ለመሥራት ተጨማሪ ሌንሶችና ሌላ የኦፕቲክስ ንድፍ ስለሚያስፈልጉ፣ እዚህ ከተገለጸው መዝጊያ ጋር በአንድ ስብስብ ውስጥ ከመቀላቀል ይልቅ ከሌንሱ ኋላ ራሱን ችሎ እንዲቆም አድርጎ ማቀድ ይገባል።